«ለጊዜው» ተብሎ የተጠገነ ምጣድ



የምንኖርበት ግቢ ከበሩ ገባ እንዳሉ በስተቀኝ አንድ የመኪና ማቆሚያ አለው። ቤቱን ያሠሩት ሰው መኪና ነበራቸው፤ እኛ የለንም። ስለዚህ ገና በገባንበት ዓመት አንድ ያረጀ የእንጨት በር በሁለት በርሜል ላይ አጋድመን ጠረጴዛ አደረግነው፤ ጫፉ ላይ ሞርሳ አሰርንበት፤ ከዚያ ወዲህ ቦታው «ጋራዥ» ተብሎ ይጠራል። መኪና ግን አንድም ቀን ገብቶበት አያውቅም። የሚገቡት ምጣድ፣ ካውያ፣ የውኃ ፓምፕ፣ የልጆች ብስክሌት፣ እግሩ የወለቀ ወንበር፣ አንዳንዴም የጸሎት ቤታችን ማይክሮፎን ናቸው።

በዚህ ጽሑፍ «እኛ» የምንለው የቤቱን ሰው በሙሉ ነው። የኤሌክትሪኩን ነገር የሚይዘው ቴክኒክና ሙያ የተማረው ትልቁ ልጃችን ነው። ታናሹ ብሎን ይፈታል፤ የፈታውም ይጠፋበታል። የልጆቹ እናት ሥራው መሠራትና አለመሠራቱን ትፈትናለች፤ ከእሷ ፈተና የሚያልፈው ጥቂት ነው። መጋቢው ደግሞ ባትሪ ይይዛል፣ ያበራል፣ ምክርም ይሰጣል። ምክሩ ሁልጊዜ አይሰማም።

የጋራዥ ቋንቋ የራሱ ዓለም አለው። ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ሞርሳ፣ ብሎን፣ ዳዶ፣ ላሜራ እያልን ስንጠራራ የምንናገረው ጣሊያንኛ መሆኑን የምናስታውሰው አልፎ አልፎ ነው። ወራሪው ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ቆይቶ ሄደ፤ ካቻቢቴው ግን ቀረ። «ጋራዥ» ራሱ የፈረንሳይኛ ቃል ነው። ከእኛው የቀሩት መዶሻ፣ ጉጠት፣ ሞረድ፣ መጋዝና መፍቻ ናቸው። የቤቱ አባት በሥነ መለኮት ኮሌጅ ሳለ ከሸመደዳቸው የግሪክኛ ቃላት አብዛኞቹ ተነዋል፤ ከቀሩት አንዱ ግን «ቴክቶን» የሚለው ነው። በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 6 የናዝሬት ሰዎች ጌታን በንቀት የጠሩበት ስም ነው። ቃሉ የእንጨት ሠራተኛን ብቻ ሳይሆን በእጁ የሚሠራና የሚገነባ ባለሙያን ሁሉ ያጠቃልላል። ንቀቱ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን እንግዳ አይደለም። ብረት የሚሠራውን «ቀጥቃጭ»፣ ቆዳ የሚያለፋውን «ፋቂ» እያለ ሲሳደብ የኖረ አገር ነው ያለን፤ ዐፄ ምኒልክ ይህንን ስድብ በአዋጅ እስከ መከልከል ደርሰዋል። ሸክላ ሠሪዋን ከሁሉ አሳንሰን እያየን፣ እንጀራችን ሁሉ ግን የሚጋገረው እሷ በሠራችው ሸክላ ላይ ነበር። ዛሬም በጉባኤዎቻችን ጸጋ ሲቆጠር የሚሰብከውና የሚዘምረው ይቆጠራል፤ የተነቀለውን የመጸዳጃ ቤት በር ሰው ሳያየው ቅዳሜ መጥቶ የሚያስተካክለው ወንድም አይቆጠርም። ይህ ሌላ ጊዜ ልንጽፍበት የምንፈልገው ነገር ነው።

ዛሬ ልንነጋገርበት የወደድነው «ለጊዜው» ስለሚባለው ጥገና ነው። በየቤታችን ይህ ቃል ዕድሜው ረጅም ነው። የግቢው በር ማጠፊያ ሲሰበር ለጊዜው በሽቦ ይታሰራል፤ ሽቦው ዝጎ እስኪበጠስ እንደዚያው ይኖራል። ፊውዝ ሲቃጠል ለጊዜው የሽቦ ቁራጭ ይደረግበታል። የመብራት ገመድ ሲላጥ ለጊዜው የፌስታል ቁራጭ ይጠመጠምበታል። ሠሪው «በኋላ በደንብ እንሠራዋለን» ብሎ ይሄዳል፤ ነገሩ ይሠራልና ያ «በኋላ» አይመጣም።

ጊዜያዊ ጥገና ሁሉ መጥፎ ነው እያልን አይደለም። ጣሪያው ሲያፈስ ከሥሩ ባልዲ ማስቀመጥ ሐቀኛ የሆነ ጊዜያዊ መፍትሔ ነው። ባልዲው ለሁሉ ይታያል፤ ማታ እግር ይመታዋል፤ ሲሞላ ይጮኻል፤ ጣሪያው እንዳልተሠራ ለገባ ለወጣው ይመሰክራል። የሚያስፈራን የተከደነው ነው። ላሜራው ተመልሶ ተገጥሞ፣ ብሎኑ ጠብቆ፣ ላዩ ተወልውሎ፣ ውስጡ ግን «ለጊዜው» የሆነ ዕቃ። እንዲህ ያለው ዕቃ ውስጡን ከሚያውቀው ሰው እጅ ወጥቶ ወደማያውቀው ሰው እጅ ይሄዳል።

ባለፈው ክረምት አንዲት ጎረቤታችን ምጣዷን ከሁለት ልጆች ጋር አሸክማ መጣች። ልጆቻችን «እትዬ» ነው የሚሏት። እንጀራ ጋግራ ለአካባቢው ሱቆች በማስረከብ ሦስት ልጆች ታሳድጋለች፤ በቀን ሰማንያ ያህል ትጋግራለች። «መጋቢ፣ ግማሹ አይግልም፤ በዚህ በኩል ያለው ሊጥ ሆኖ ይቀራል» አለች። ከዚያ እንደ ዋዛ «መንዘሩን እንኳ ለምጄዋለሁ» ብላ ጨመረች።

ትልቁ ልጃችን ካቻቢቴውን አስቀመጠ። «እንዴት ነው የሚነዝርሽ፣ እትዬ?»

ነገረችን። አክንባሎውን ስታነሳ አይነዝርም፤ ክንዷ የዳሩን ላሜራ ሲነካ ነው። በበጋ ቀለል ይላል፤ በክረምት፣ ወለሉ ሲረጥብ፣ ይብሳል። ስለዚህ ሁልጊዜ ጣውላ ላይ ቆማ ነው የምትጋግረው። ከጀመረች ሁለተኛ ዓመቷን ይዛለች። ቀድሞ አንድ ሰው ቤቷ ድረስ መጥቶ ጠግኖላት ነበር። ያኔ ችግሩ ምጣዱ በተሰካ ቁጥር ብሬከሩ እየወረደ ቤቱን ማጨለሙ ነበር። «እሱ ከሠራው ወዲህ አንድ ቀን ወርዶ አያውቅም» አለች፤ እንደ ምስጋና ነው የተናገረችው።

ምጣዱን በአሮጌ ብርድ ልብስ ላይ ገልብጠን ከፈትነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከሥር ለማያውቀው ሰው ቀላል ነገር ነው፤ የሸክላው ጀርባ ላይ ከመሐል እስከ ዳር የሚዞር ቦይ አለ፤ በቦዩ ውስጥ የተጠማዘዘው የሬዚስታንስ ሽቦ ይተኛል፤ በላዩ ጄሶ ይለሰንበታል፤ ከዚያ የላሜራው ገላ ይሸፍነዋል። ያገኘነው እነሆ። ሽቦው ዳር አጠገብ ተበጥሶ ሁለቱ ጫፎች እንደ መንጠቆ ተያይዘዋል፤ መጋጠሚያው ከስሏል። ከሬዚስታንሱ ወደ ውጭ የሚወጣው ገመድ ፕላስቲኩ ቀልጦ በናስትሮ ተጠቅልሏል፤ ናስትሮው ራሱ ቀልጦ እንደ ሬንጅ ሆኗል፤ መዳቡም ላሜራውን ይነካል። ሦስተኛው ነገር ግን ሁላችንንም ዝም አሰኘን። አረንጓዴና ቢጫ መስመር ያለበት ሽቦ፣ ግራውንድ የሚባለው፣ ከላሜራው ላይ ተቆርጧል። አልተበጠሰም፤ በፒንሳ ነው የተቆረጠው፤ ጫፉም በሥርዓት ታጥፎ በናስትሮ ተሸፍኗል።

ይህ ምን ማለት እንደሆነ በቀላል አማርኛ እናስረዳ። ግራውንድ የዕቃውን ብረት ገላ ከመሬት ጋር የሚያገናኝ መንገድ ነው። ኤሌክትሪክ አምልጦ ወደ ላሜራው ሲገባ በዚያ ሽቦ በኩል በብዛት ወደ መሬት ይፈሳል፤ ብሬከሩ ያን ብዛት አይቶ ይወርዳል፤ ቤቱ ይጨልማል፤ ሰው ይተርፋል። የጎረቤታችን ብሬከር ሲወርድ የነበረው ተበላሽቶ አልነበረም። ሥራውን እየሠራ ነበር። ጠጋኙ የሚያፈሰውን ገመድ በመቀየር ፋንታ ጩኸቱን የሚያመጣውን ሽቦ ቆረጠ፤ ብሬከሩ ዝም አለ፤ ኤሌክትሪኩ ግን ላሜራው ላይ ቀረ፤ ወደ መሬት የሚሄድበትም መንገድ የሴትየዋ ክንድ፣ ደረትና እግር ሆነ። በመካከል የነበረው ያ ጣውላ ብቻ ነው። ደረቅ ጣውላ ይከላከላል፤ ውኃ ወይም ሊጥ የጠጣ ጣውላ ግን ያን ያህል አያስተማምንም። በትዳር ምክር አገልግሎት የቆየ ሰው ይህን ዓይነት ጥገና በሌላ መልኩ ያውቀዋል፤ ጩኸቱ ቆሟልና ሰላም ወርዷል ተብሎ የተዘጋ ስንት ቤት አለ።

ያን ሰው ለመኮነን አይደለም። ማን እንደሆነም አልጠየቅንም። ሳይከፈለው በፊት መብራት እንዲበራ የሚጠበቅበት ሰው፣ ባለቤቲቱ ቆማ እያየችው፣ ሊጡ እየኮመጠጠ፣ ምን ያህል ግፊት እንዳለበት እናውቃለን። ያን ዕለት እኛም ላይ መጣ። ጎረቤታችን የከፈትነውን እያየች ፊቷ ተለወጠ፤ ሆኖም የመጀመሪያ ቃሏ «አሁን ሊጡ ተነስቷል። ለነገ ብቻ ያስነሱልኝ፣ መጋቢ፤ ከነገ ወዲያ በደንብ ይሠራል» የሚል ነበር። ለነገ ብቻ ማስነሳት የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው። ሽቦውን እንደገና ማያያዝ፣ ናስትሮ መጠቅለል፣ መክደን። ከምትሸጠው እንጀራ የሚገኘው ገንዘብ የልጆቹ እራት እንደሆነ እናውቃለን። «አይሆንም» ማለት ለሚለው ሰው ቀላል ነው፤ ኪሳራው የእሱ አይደለምና።

መፍትሔው የመጣው ከልጆቹ እናት ነው። «ቡሃቃውን ወደዚህ አምጪው» አለቻት። ጎረቤታችን ሊጧን ይዛ መጣችና በእኛ ምጣድ ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት ጋገረች። ታናሹ ልጅ እንጀራውን በሰፌድ እየተቀበለ ቆጠረ፤ ሁለት ጊዜ ተሳሳተ። ሦስት ምሽት እንዲሁ ሆነ። የመብራቱን ልክፈል ብላ ስታስቸግር ሁለት እንጀራ ተቀብለን ዝም አሰኘናት።

ሦስቱ ቀን የት ሄዱ የሚል ካለ፣ በመጀመሪያው ቀን ጄሶውን ሸክላው ሳይሰነጠቅ በጥንቃቄ ፈልፍለን አወጣን፤ ይህ ብቻውን ከሰዓት በኋላውን በላው። የተበጠሰው ሬዚስታንስ ከመቀጠል ይልቅ እንዲቀየር ወሰንን። ብዙ ሰው የተቃጠለውን ክፍል ቆርጦ የቀረውን ስቦ ያያይዛል፤ ይሠራልም። ግን ሒሳቡን እንይ። ባለ 220 ቮልት ምጣድ ሽቦው 14 ኦም ገደማ ቢለካ ወደ 3,450 ዋት ይወስዳል፤ በገመዱ የሚሄደውም 16 አምፔር ለመሙላት ጥቂት የቀረው ነው። ከሽቦው አንድ አሥረኛውን ቆርጠን ብንጥል 12.6 ኦም ይቀራል፤ ኃይሉ ወደ 3,840 ዋት፣ አምፔሩም ወደ 17.5 ያድጋል። ሽቦ ሲያጥር የሚቀንስ ይመስላል እንጂ የሚስበው ይጨምራል። ያ ተጨማሪ ግለት ስፒናውን፣ ሶኬቱንና ግድግዳ ውስጥ ያለውን ገመድ ያገኛቸዋል። ስፒናቸው የጠቆረ፣ ሶኬታቸው የቀለጠ ምጣዶች ብዙዎቹ እንዲህ የተቀጠሉ ናቸው ብለን እንጠረጥራለን። ተራ ባለ 16 አምፔር ሶኬት ለምጣድ ጠርዝ ላይ ያለ ነው፤ ምጣድ የራሱ ሶኬት፣ የራሱ ወፍራም ገመድና የራሱ ብሬከር ቢኖረው ይመረጣል።

በሁለተኛው ቀን መርካቶ ተሄደ። ሬዚስታንሱን ከሱቅ ገዛን፤ ሙቀት የሚችለውን ባለ ብሎን የፖርሴሊን ማያያዣ ግን ምናለሽ ተራ ነው ያገኘነው፤ ከሌላ የሞተ ምድጃ የተፈታ፣ ከአዲሱ የጠነከረ። ምናለሽ ተራን ያላየ ሰው «ይህ ዕቃ አለቀለት» የሚለውን ቃል ሳይቸኩል ቢናገር እንመክራለን። በየሰፈሩ «ቆራሌው!» እያለ የሚዞረው ሰው የሚሰበስበው ቆርቆሮና ብረት መንገዱ ወደዚያ ነው፤ አንዱ የጣለው ለሌላው መለዋወጫ ይሆናል። ልጆቹ ቆራሌው ሲጮህ ሮጠው የጋራዡን በር ይዘጋሉ፤ ከሚገዛን ይልቅ የምንገዛው ይበዛልና።

ሽቦውን በቦዩ ውስጥ እኩል አርገን አስተኛን፤ አንዱ ቦታ ቢጠጋጋ ሌላው ቢላላ እንጀራው አንድ በኩል ያርራል፣ አንድ በኩል ዓይን አያወጣም። ጄሶ ለሰንን። ጄሶ እርጥብ ሳለ ማብራት የለበትም፤ እርጥበቱ ኤሌክትሪክ ያሻግራል፤ በድንገት ሲግልም ሸክላውን ሊሰነጥቀው ይችላል። በጸሐይ ዋለ፤ ክረምት ነውና ጸሐይዋ ሁለት ሰዓት ብቻ ነበረች፤ የቀረውን ከሰል ምድጃ አጠገብ አደረ። በሦስተኛው ቀን ግራውንዱን በብሎንና በራንዴላ ላሜራው ላይ መልሰን አሰርን፤ ቀለሙን ሞርደን ብረቱ እስኪያበራ ድረስ፤ በቀለም ላይ የታሰረ ግራውንድ እንዳልታሰረ ነውና። በመልቲሜትር ለካን። ከስፒናው ግራውንድ እስከ ላሜራው ዜሮ ሊባል የሚችል፤ ከኤሌክትሪክ ተሸካሚዎቹ እስከ ላሜራው ምንም መገናኘት የለም፤ በሁለቱ መካከል 14 ኦም። ትልቁ ልጅ ሦስቱን ቁጥሮች ጮክ ብሎ አነበበ። ከዚያ ሥራው ወደ ሴቶቹ ተላለፈ፤ ምጣዱ በጎመን ዘር ተሟሸ፤ የመጀመሪያዋ እንጀራ ተቀደደች፤ ሁለተኛዋ ግን መልካም ወጣች።

ጎረቤታችን አሁንም ጣውላው ላይ ቆማ ነው የምትጋግረው። «ለእግሬ ይሞቀኛል» አለችን።

በዘዳግም ምዕራፍ 22 ቁጥር 8 ላይ አንድ ሕግ አለ፤ አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው በጣሪያው ዙሪያ መከታ እንዲያደርግ፣ ሰው ከዚያ ወድቆ ደም በቤቱ ላይ እንዳይመጣ። የዚያ አገር ጣሪያ ጠፍጣፋ ነበር፤ ሰው ይቀመጥበት፣ ይተኛበት ነበር። የእኛ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ የሚወጣ የለምና ሰባኪዎች ቁጥሩን ፈጥነን እናልፈዋለን። ከምጣዱ በኋላ ግን በቤተሰብ ጸሎት ሰዓት ቆየንበት። ትልቁ ልጃችን ያስተዋለውን እኛ ሽማግሌዎቹ አላስተዋልነውም ነበር። ሕጉ የሚናገረው ለሚሠራው ሰው እንጂ ለሚወጣው ሰው አይደለም፤ «ጣሪያ ላይ ስትወጡ ተጠንቀቁ» የሚል አይደለም። ጎረቤታችን ሁለት ዓመት ሙሉ ተጠንቅቃለች፤ ጣውላ አስቀምጣለች፤ ልጆቿን አርቃለች። ጥንቃቄው ሁሉ በእሷ ላይ ወድቆ ነበር።

ስለ ጥንቃቄ ከተነሳ አንድ የሚያስጨንቀንን ነገር ሳንናገር አናልፍም። በብዙ ቤት የኤሌክትሪክ ሥራ የሚሠራው መብራት ሲጠፋ ነው። «አሁን ጠፍቷል፣ ቶሎ ሥራው!» ይባላል። ወገኖች፣ እባካችሁ። የጠፋ መብራት የተዘጋ መብራት አይደለም። መቼ እንደሚመጣ የሚያውቅ የለም፤ የሰፈሩ ልጆች «መጣ!» ብለው ሲጮኹ እጁ ሽቦ ላይ ያለ ሰው ጩኸቱን ለመስማት ጊዜ አያገኝም። እኛ ዘንድ ስፒናው ተነቅሎ ጠረጴዛው ላይ በዓይን በሚታይ ቦታ ካልተቀመጠ ምንም አይከፈትም። የግድግዳ ሥራ ከሆነ ብሬከሩ ይወርዳል፤ ታናሹ ልጅም ሥሩ ወንበር ላይ ይቀመጣል፤ ሌላ ሰው መጥቶ «ምነው መብራት የለም?» ብሎ እንዳያነሳው። ማብሪያና ማጥፊያው ላይ መተማመን አይገባም፤ አንዳንዱ ቤት ሽቦው ተገላብጦ የታሰረ ነው፤ አምፖሉ ጠፍቶም ኤሌክትሪኩ አለ።

የማንከፍታቸውም አሉ። ማይክሮዌቭ አንከፍትም፤ ከሶኬት ተነቅሎም ውስጡ ያለው ካፓሲተር ሰው የሚገድል ኃይል ይዞ ሊቆይ ይችላል። የጋዝ ሲሊንደር ሬጉሌተር አንነካም፤ ተበላሸ ሲባል ይቀየራል እንጂ አይጠገንም። የጋዙን ቱቦ ግን ሁሉም ሰው በየጊዜው ሊያየው ይችላል፤ ጎማው ታጥፎ መሰነጣጠቅ ከጀመረ ዕድሜው አልቋል። መፍሰስ አለመፍሰሱ የሚታወቀው በሳሙና አረፋ ነው፤ አረፋው ከተነፋ ያፈሳል። በክብሪት የሚፈትሽ ሰው እስካሁን አለ። እግዚአብሔር ጠብቆታል ማለት ብቻ ነው የምንችለው።

የቧንቧ ነገር ቀላሉ ነው፤ በእሱ ብዙ አንቆይም። የሚያንጠባጥብ ቧንቧ ዘጠኝ ጊዜ ከአሥር ውስጡ ያለችው ጎማ አልቃ ነው፤ መክፈት፣ ጎማዋን መቀየር፣ ጥርሱን በቴፍሎን መጠቅለል፣ መዝጋት። አዲሷ እስክትገዛ ከአሮጌ የጎማ ከመነዳሪ የተቆረጠች ክብ ትበቃለች፤ ቧንቧ ሲከዳ ለሁሉ ይታያልና እዚህ «ለጊዜው» አንከለክልም። አንድ ጊዜ ከግቢው ቧንቧ ሥር ባለ 20 ሊትር ጀሪካን አስቀምጠን ብናድር በማግስቱ እስከ አንገቱ ሊሞላ ትንሽ ነበር የቀረው። ውኃ በተራ በሚመጣበት ሰፈር ይህ የአንድ ቤተሰብ የእራት ዕቃ ማጠቢያ ነው።

ከጎረቤታችን ምጣድ ወዲህ በጋራዡ አንድ ልማድ ገብቷል፤ ሐሳቡ የትልቁ ልጅ ነው። ከእኛ ዘንድ የሚወጣ ዕቃ ሁሉ ላይ በክር የታሰረ ወረቀት ይንጠለጠላል፦ ቀን፣ ምን ተቀየረ፣ ምን ሳይሠራ ቀረ። ሦስተኛው መስመር ባዶ ካልሆነ ዕቃው የሚመለስበት ቀን ይጻፋል። አንዳንድ ሰው ይስቅብናል። አንድ የጉባኤያችን ሽማግሌ ወንበራቸው ላይ «ሙጫው እስከ ሐሙስ አልደረቀም፤ አይቀመጡበት» የሚል ተንጠልጥሎ አገኙና ወረቀቱን በመጽሐፍ ቅዱሳቸው ውስጥ አስቀምጠው ዞሩ። ወረቀቱ ሠሪውንም ያስቸግራል፤ «ግራውንድ ተቆርጧል» ብሎ በእጁ ጽፎ የሚያስረክብ ሰው እስካሁን አላየንም።

አሁን ጠረጴዛው ላይ ያለው የአንዲት ተማሪ ካውያ ነው። ገመዱ ከእጀታው መግቢያ ላይ ተልጧል፤ ለሰኞ ዩኒፎርሟን መተኮስ ትፈልጋለች። ሙቀት የሚችለው ገመድ በሰፈሩ ሱቆች አልተገኘም፤ ለዩኒፎርሙ የእኛን ካውያ ወስዳለች። በእሷው ላይ ታናሹ ልጅ በደማቅ ቀይ እስክሪብቶ የጻፈው ወረቀት ተንጠልጥሏል፦ «ገመዱ አልተቀየረም። እስከ ቅዳሜ አይሰካ።»